እንግሊዝኛ ሲነገር ለሚያመልጣችሁ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፤

«ሲጻፍ ይገባኛል፣ ሲነገር ግን ይጠፋኛል» የሚለውን ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። አንዳችሁ የማስተርስ ተማሪ ነው፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ያስረዳል፣ መምህሩ መናገር ሲጀምር ግን ማስታወሻ መያዝ ያቅተዋል። ሌላዋ ከቤቷ ሆና በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት የሒሳብ ሥራ ትሠራለች። ኢሜይሏ እንከን የለውም፤ የሰኞው የቪዲዮ ስብሰባ ሲቃረብ ግን ከእሑድ ማታ ጀምሮ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስብሰባው ላይ ሁሉም ሲስቅ አብራ ትስቃለች፤ በምን እንደተሳቀ ግን አታውቅም። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ደብዳቤውን የምጽፈው ከሁሉ በላይ ለእሷና እሷን ለምትመስሉ ነው።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ነው። ሰው ሥራችንን ሲያስበው ራዳር ላይ ማፍጠጥ ብቻ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ሥራችን ግን መስማት ነው። ቦሌ ላይ በአንድ ፈረቃ ውስጥ የአበሻው፣ የቱርኩ፣ የቻይናው፣ የኬንያው፣ የጀርመኑ፣ የዓረቡ አብራሪ እንግሊዝኛ በአንዲት ፍሪኩዌንሲ እየተከታተለ ይመጣል። የተናጋሪው ፊት አይታይም፤ ከንፈሩም እጁም አይታይም። ድምፁ በሬዲዮ ታፍኖ፣ አንዳንዴም በሌላ ድምፅ ተቆርጦ ነው የሚደርሰው። በዚህ ሥራ ላይ ምንም የማያመልጠው ሰው አላጋጠመኝም። ጎበዝ የምንለው፣ ሲያመልጠው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀውን ነበር።

ልነግራችሁ የምፈልገው ዋና ነገርም ይኸው ነው። አለመስማት በየሰዓቱ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ በእኛ ሙያ ሥርዓት ተበጅቶለታል። አደጋ የሚመጣው ሳይሰሙ እንደሰሙ ሆኖ ከማለፍ ነው። እናንተም ጆሯችሁ እስኪለምድ ሳትጠብቁ ይህን ሥርዓት ያዙት። ጆሮ ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል፤ ሥርዓቱን ግን ነገ ጠዋት መጀመር ትችላላችሁ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አንድ አብራሪ ፈቃድ ሲሰጠው «ሰማሁ» ብሎ አያልፍም። የተነገረውን ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ የመንደርደሪያ ቁጥርና የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ መልሶ ይናገራል። ሪድባክ እንለዋለን። ተቆጣጣሪውም በበኩሉ «ነግሬዋለሁ» ብሎ ወደ ሌላው አይዞርም፤ መልሱን ካለው ጋር እያመሳከረ ያዳምጣል፣ ከተዛባ እዚያው ያርማል። ያልሰማ ሰው «ሰይ አጌይን» ይላል። ይቅርታ አይጠይቅም፣ ምክንያት አያቀርብም፣ ማንም ለምን አልሰማህም አይለውም። በፊልም የለመዳችሁት «ሮጀር» እንኳ «የመጨረሻውን መልእክትህን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» ማለት ብቻ ነው። አዎም እሺም ማለት አይደለም፤ ተደግሞ መነገር ለሚገባው ነገር ሮጀር ብሎ መመለስ በደንቡ ክልክል ነው። መናገርም ገደብ አለው፦ በደቂቃ ከ100 ቃላት ባይበልጥ ይላል ዓለም አቀፉ ደንብ። ተራ ወሬ የሚያወራ ፈጣን ተናጋሪ ይህን በእጅጉ ያልፈዋል። «ስፒክ ስሎወር» ማለትም በደንቡ ከተጻፉት የሬዲዮ ቃላት አንዱ ነው። ቀስ በልልኝ ማለት የደካማ ሰው ልመና ሳይሆን የሙያው ቋንቋ ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው በብዙ ሕይወት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ ቴኔሪፍ ላይ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ጉም በሸፈነው መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። የአንደኛው፣ የሆላንዱ ኬኤልኤም አየር መንገድ፣ ረዳት አብራሪ በሬዲዮ የተናገረው ነገር ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ነበር፤ «እየተነሣን ነው» ተብሎም ሊሰማ ይችላል፣ «ለመነሣት ቦታችንን ይዘናል» ተብሎም። ተቆጣጣሪው ሁለተኛውን ተረዳና «ኦኬ» አለ። ጥቂት ቆይቶ «ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» ሲል ገና መንደርደሪያው ላይ ያለው ሌላው፣ የአሜሪካው ፓን አም አውሮፕላን፣ በዚያው ቅጽበት ተናገረ። ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው በኬኤልኤም በኩል ጎልቶ የተሰማው «ኦኬ» ብቻ ሆነ። የበረራ መሐንዲሱ ተጠራጥሮ «ያኛው አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ዋናው አብራሪ እርግጠኛ ሆኖ አለፈው። ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ አይነገርም፤ በሌላው ጊዜ «ዲፓርቸር» ነው የምንለው።

ሌላው ደግሞ ከእናንተ ችግር ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ ወደ ኒው ዮርክ ይበር የነበረ የአቪያንካ አውሮፕላን በአየር ጠባይ ምክንያት ሰማይ ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደረገና ነዳጁ አለቀ። ሎንግ አይላንድ ላይ ወድቆ ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። ዋናው አብራሪ ከመሬት ጋር በእንግሊዝኛ የሚነጋገርለት ረዳቱ ነበር። አደጋ ላይ መሆናቸውን እንዲናገር በስፓኒሽ አዘዘው፤ መናገሩንም ደጋግሞ ጠየቀው። ረዳቱ ነዳጅ እያለቀብን ነው አለ፤ «ኢመርጀንሲ» የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። መሬት ላይ ያሉት ተቆጣጣሪዎችም የነገሩን ክብደት ሳይረዱት ቀሩ። ይህን ታሪክ ለሠልጣኞች ስናስተምር ሁልጊዜ የምንቆይበት አንድ ነጥብ ነበር፦ ያን ምሽት ሁሉም ሰው ተነጋግሯል፣ ሁሉም ሰው መልስ ሰጥቷል፣ ማንም ግን «የተረዳኸኝን መልሰህ ንገረኝ» አላለም።

ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። በእናንተ የሰኞ ስብሰባ አውሮፕላን አይወድቅም። ግን ነገሩ የሚበቅልበት ሥር አንድ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠሩ አብራሪዎችንና ተቆጣጣሪዎችን እንግሊዝኛ በ6 ደረጃ ያስመዝናል። ሥራ ላይ ለመቆየት ቢያንስ 4ኛ ደረጃ ያስፈልጋል። የሚመዘኑት ነገሮች 6 ናቸው፤ አነጋገር፣ ሰዋስው፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና ከሰው ጋር መግባባት። ውጤቱ አማካይ አይወጣለትም፤ ከስድስቱ ዝቅ ያለው የሰውየው ደረጃ ይሆናል። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን የ4ኛ ደረጃን መስፈርት ነው። ሁሉን የሚሰማ ሰው አይጠይቅም። ያልተጠበቀ ነገር ሲገጥመው መረዳቱ ሊዘገይና ማብራሪያ መጠየቅ ሊያስፈልገው እንደሚችል በግልጽ ይቀበላል። የሚፈልግበት ግን ያልገባው ነገር ሲኖር አጣርቶ፣ አረጋግጦና አብራርቶ መውጣት መቻሉን ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ነፍስ የያዘ ሙያ ይህን ከተቀበለ፣ እናንተ ራሳችሁን በምን ሒሳብ ነው አንድ ቃል ባመለጣችሁ ቁጥር የምትቀጡት?

መልሱ ይመስለኛል ከእንግሊዝኛ በፊት ከአስተዳደጋችን ይጀምራል። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያልን እናድጋለን፤ ትልቅ ሰው የተናገረውን ድገምልኝ ያለ ልጅ ግን «ጆሮህን ምን ነካው?» ነው የሚባለው። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ አልገባኝም ያለ ተማሪ ላይ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ይሉኝታ ሰውን ከብዙ ክፋት ይጠብቃል፣ እኔም የማከብረው ባህሌ ነው። አለመስማትን ለመደበቅ ስንጠቀምበት ግን ይጎዳናል። እሺ የሚለው ቃላችንም ያው ነው። እሺ ስንል ሰምቻለሁም፣ ተስማምቻለሁም፣ አክብሬሃለሁም፣ ይብቃንም ማለታችን ሊሆን ይችላል። እርስ በርሳችን ስንሆን ከፊትና ከድምፅ እንለየዋለን። ከውጭ ሰው ጋር ስትነጋገሩ «የስ፣ የስ» ብላችሁ ስትመልሱ እሱ የሚሰማው «ተረድቼ ተስማምቻለሁ» ነው። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስበን አዎ የምንላትን ነገር ደግሞ በስልክ አትጠቀሙባት፤ ፈረንጁ ወይ አይሰማትም ወይ የደነገጣችሁ ይመስለዋል።

ትምህርት ቤቱም የራሱ ድርሻ አለው። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምረን እንማራለን፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ አብዛኛው ሌላ ትምህርት በእሱ ይሰጣል። የምንማረው ግን በዓይናችን ነው፤ ሰሌዳ፣ መጽሐፍ፣ ባዶ ቦታ ሙላ። ከእናንተ ታላላቆቹ ደግሞ ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለው ቴሌቪዥን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት ያስተላልፍ ነበር። መምህሩ ይጠይቃል፣ ለጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። ክፍሉ ግን ዝም እንዳለ ነው። መምህሩን ማስቆምም ማስደገምም አይቻልም ነበር። ትምህርቱን ያዘጋጁት ሰዎች በጎ አስበው እንደነበር አልጠራጠርም። የማዝነው ግን ብዙ ልጆች የሚነገር እንግሊዝኛ ማለት በላይህ ላይ የሚያልፍ፣ አንተም ዝም ብለህ የምታሳልፈው ነገር ነው የሚል ልማድ ይዘው ከዚያ ክፍል በመውጣታቸው ነው። ይህ ልማድ በእናንተ ጥፋት የመጣ አይደለም፤ መተው ግን ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ጆሮው ልምጣ። የሚያመልጣችሁ በአብዛኛው የማታውቁት ቃል ሳይሆን የምታውቁት ቃል ነው። ይህን ራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ፤ ያልገባችሁን ንግግር በጽሑፍ ብታዩት «ይኼ ነው እንዴ?» ብላችሁ ትገረማላችሁ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የእኛ ፊደል እያንዳንዱን አናባቢ ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ሲነበብም እያንዳንዱ ፊደል ድርሻውን ያገኛል። እንግሊዝኛ ግን በአረፍተ ነገር ውስጥ ጥቂት ቃላትን ያጎላና የቀሩትን ይውጣቸዋል። የሚዋጡት ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የምናውቃቸው ትናንሾቹ ቃላት ናቸው። «ዋት አር ዩ ጎይንግ ቱ ዱ» ብለን የተማርነው «ዋቻ ጎና ዱ» ሆኖ ይመጣል። «ቴል ሂም» «ቴልም» ይሆናል። አሜሪካዊ ሲሆን «ዋተር» «ዋረር»፣ «ትዌንቲ» «ትዌኒ» ነው። ከሁሉ የከፋው «ካን» እና «ካንት» ነው። እችላለሁ ሲል «ካን» ላልቶ «ክን» ይሆናል፤ አልችልም ሲል ግን «ካን» ጎልቶ ይወጣና መጨረሻው «ት» አይሰማም። ስለዚህ ጎላ ያለ «ካን» ስትሰሙ ብዙ ጊዜ የተባለው አልችልም ነው። እዚህ ላይ ካልጠየቃችሁ ነገሩ ተገልብጦ ይገባችኋል።

ይህ የእንግሊዝኛ ክፋት አይደለም፤ እኛም እናደርገዋለን። ከመጽሐፍ አማርኛ የተማረ የውጭ ሰው «ምን አለበት» ን እየነጣጠለ አጥንቶ «ምናለበት» ሲሰማ ግራ ይገባዋል። «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ ልዩነቱ በፊደል አይታይም፤ የእኛ ጆሮ ግን ከዙሪያው ንግግር ያውቀዋል። ይህን ጆሮ ማንም መርቆ አልሰጠንም፤ ስንሰማ ነው የሠራነው። ለእንግሊዝኛም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው።

እንዴት ለምትሉኝ፣ የእኛን ሠልጣኞች መንገድ ልንገራችሁ። አዲስ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ ማይክ አይሰጠውም። ከነባር ባለሙያ ጎን ተቀምጦ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ይሰማል። የሚሰማው ያንኑ ዓይነት ንግግር፣ ያንኑ ቅደም ተከተል፣ ደጋግሞ ነው። እናንተም ከሰፊው አትጀምሩ። ፊልም ለጀማሪ ጆሮ ጥሩ መነሻ አይደለም፤ ሙዚቃው፣ ቀልዱ፣ ሹክሹክታው ሁሉ በአንድ ላይ ይመጣል። ከሥራችሁ ወይም ከትምህርታችሁ ጋር የሚሄድ አንድ ተናጋሪ ምረጡና ለሳምንታት ከእሱ ጋር ቆዩ፤ ጽሑፉ የሚገኝ ይሁን። የአንድ ደቂቃ ንግግር ብቻ ውሰዱ። ጽሑፉን ሳታዩ ሁለት ሦስት ጊዜ ስሙት። ከዚያ እያቆማችሁ የሰማችሁትን በወረቀት ጻፉት፤ የጠፋችሁ ቦታ ላይ ክፍት ተዉ። ቀጥሎ ከጽሑፉ ጋር አመሳክሩት። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ሥራ ያለው፤ እያንዳንዱ ክፍት ቦታ ላይ «ይህን ቃል አላውቀውም ነበር ወይስ አውቀው ነበር፣ ድምፁን ነው ያላወቅሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ከሆነ ያቺን ቁራጭ ብቻ መልሳችሁ ስሙ፣ ከተናጋሪው እኩል እየተዋጠች እንደምትወጣው አድርጋችሁ በአፋችሁ ድገሟት። አፍ የለመደውን ድምፅ ጆሮ ቶሎ ያገኘዋል።

ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ አልደብቃችሁም። በቀን ሩብ ሰዓት በቂ ነው፤ በየቀኑ ግን መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ከበስተኋላ እየተሰማ ሌላ ሥራ መሥራት ግን ጆሮን አያስተምርም፤ ድምፁን ችላ ማለትን ነው የሚያለማምደው። የግርጌ ጽሑፍም በልክ ይሁን። ዓይን ከጆሮ ይፈጥናልና፣ ጽሑፍ ካለ ታነባላችሁ እንጂ አትሰሙም። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ፣ ኋላ ለማመሳከር በእንግሊዝኛ ጽሑፍ። በእኔ ወጣትነት ይህ ሁሉ አልነበረም። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የአሜሪካ ድምፅን «ስፔሻል ኢንግሊሽ» እናዳምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረ ዝግጅት ነው፤ 1,500 ያህል ቃላትን ብቻ እየተጠቀመ ዜናውን በዝግታ ያነብ ነበር። ብዙ የእኔ ዘመን ሰው ጆሮውን የከፈተው በዚያ ነው። ዛሬ በእጃችሁ ባለው ስልክ ማንኛውንም ንግግር ማዘግየት፣ ማቆምና መመለስ ትችላላችሁ።

ጆሮ የሚሠራው ብቻውን እንዳልሆነም ልብ በሉ። አብራሪ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ የሚያዳምጠው የተቀዳ የአየር ሁኔታ መረጃ አለ፤ ነፋሱ፣ የእይታ ርቀቱ፣ ደመናው፣ ሙቀቱ፣ የአየር ግፊቱ ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል ይነገራል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ድምፁ ቢቆራረጥም ይይዘዋል። እናንተም ስብሰባ ከመግባታችሁ በፊት አጀንዳውን አንብቡ፣ ሊነሡ የሚችሉትን ስሞችና ቁጥሮች ጻፉ፣ ትጠየቃላችሁ ብላችሁ የምትገምቱትን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። ግማሹን መስማት ከዚያ ላይ ይገኛል። ግን ይህ መሣሪያ በሌላ በኩልም ይቆርጣል። ሰው የጠበቀውን ይሰማል። ተቆጣጣሪ ትክክለኛ መልስ ሲጠብቅ፣ አብራሪው የተሳሳተ ከፍታ ቢናገር እንኳ ትክክል መስሎት ሊያልፈው ይችላል፤ በሙያችን ከሚታወቁት ስህተቶች አንዱ ነው። ስለዚህ የገመታችሁት ነገር ከተባለው ጋር የገጠመ ሲመስላችሁ፣ በተለይ ቁጥር ካለበት፣ አረጋግጡ።

ስለ ቁጥር ትንሽ ልቆይ። «ሰርቲን» እና «ሰርቲ»፣ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» የእንግሊዝኛ ተወላጆችንም ያሳስታሉ። በሬዲዮ አቅጣጫ ስንሰጥ 170ን «ዋን ሰቨን ዚሮ» ነው የምንለው፤ አኃዙን አንድ በአንድ። 3ን «ትሪ»፣ 5ን «ፋይፍ»፣ 9ን «ናይነር» የምንለውም እንዳይምታቱ ነው። እናንተም ዋጋ፣ የክፍል ቁጥር ወይም ቀን ሲነገራችሁ «ዋን ፋይቭ ወይስ ፋይቭ ዚሮ?» ብላችሁ አጣሩ። ስማችሁን ወይም ኢሜይላችሁን በስልክ ስታስጽፉ ደግሞ «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» የሚለውን የፊደል መጥሪያ ተማሩ። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት ነው፤ ለልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጆሮ እየተፈተነ የተመረጠ ነው። የእኛ ስሞች ለፈረንጅ ጆሮ ከባድ ናቸውና ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።

ሰዓት ላይ ደግሞ እኛ ልዩ ፈተና አለብን። በአቪዬሽን ሁሉም ነገር በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚሠራው። እሱ 6:00 ሲል አዲስ አበባ በውጭ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9:00 ነው፤ እኛ ደግሞ 3 ሰዓት እንለዋለን። በአንድ ጊዜ ሦስት ቁጥር ጭንቅላት ውስጥ አለ። እንግሊዝኛው በደንብ የገባው ሰው «ናይን» ሲባል ሰምቶ በለመደው አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ቀኑም እንደዚያው፤ የእነሱ ኤፕሪል 3 የእኛ መጋቢት 25 ነው። ቀጠሮ ሲነገራችሁ የቀኑን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የየት አገር ሰዓት እንደሆነ ደግማችሁ ተናገሩ።

አጠያየቁ ራሱ ጥበብ አለው። «ሶሪ?» ብቻ ስትሉ ሰውየው የሚያደርገው ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ፍጥነት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መድገም ነው። የጎደላችሁ ድምፅ አይደለም። በሬዲዮ የምንጠይቀው የጠፋውን ቁራጭ ለይተን ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ድገም፣ ከፍታውን ብቻ ድገም እንላለን። በስብሰባም «አይ ጎት ዘ ፈርስት ፓርት፤ ኩድ ዩ ሪፒት ዘ ዴት?» ብትሉ የሰማችሁትንም ያልሰማችሁትንም አሳያችሁ። ሰሚ መሆናችሁ ይታያል። ሁለቴ ተደግሞም ካልገባ፣ በሌላ ቃል እንዲናገረው ወይም እንዲጽፈው ጠይቁ፤ ሦስተኛ መደጋገም አይረዳም። ሁሉንም ሳይሆን የሚያስፈልጋችሁን ጠይቁ፤ ቀልዱ ቢያመልጥ ይለፍ፣ የማስረከቢያው ቀን አይለፍ። ደግሞ ቶሎ ጠይቁ። አሥር ደቂቃ አንገት ከነቀነቁ በኋላ አልገባኝም ማለት እውነትም ከባድ ነው።

ይህን ስላችሁ የጥፋቱ ሁሉ ባለቤት እናንተ እንዳይመስላችሁ። በሬዲዮ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ቋንቋውን በትምህርት የለመደው ሰው አይደለም፤ እሱ በተማረው ቃል ላይ ይቆማል። የሚያስቸግረው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ሆኖ የሚያሳጥር፣ የሚያፈጥን፣ የሰፈሩን አባባል የሚጨምረው ነው። ዓለም አቀፉ ድርጅትም ይህን አይቶ የአፍ መፍቻቸው የሆኑትም በሚገባ አነጋገር እንዲናገሩ ኃላፊነት ጥሎባቸዋል። መግባባት የሁለት ሰው ሥራ ነው።

ጆሮን መፈተን የማይገባበት ቦታም አለ። አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ እናትና አባታችሁን ሐኪም ቤት የምትወስዱ፣ ይህን ስሙኝ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ቋንቋው ለሚያስቸግረው ታካሚ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ወሬ ስታወሩ ተለማመዱ፤ የመድኃኒት መጠን ሲነገር፣ ለቀዶ ጥገና ስትፈርሙ፣ ዳኛ ፊት ስትቆሙ አስተርጓሚ ጠይቁ። የ12 ዓመት ታናሽ ወንድማችሁን የእናታችሁን በሽታ እንዲያስተረጉም አታድርጉት፤ ለልጁም ለእናትየውም ከባድ ሸክም ነው።

አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በእንግሊዝኛችን እጅግ የሚስቅብን ፈረንጅ አይደለም፤ እኛው ነን። አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ ሯጭ መግለጫ ሲሰጥ ቃል ቢሰበርበት በማግሥቱ በየስልኩ ይዞራል፣ ሺህ ሰው ይስቅበታል። ያን ቪዲዮ የላከ ወጣት በሚቀጥለው ሰኞ ራሱ ስብሰባ ላይ አፉን መክፈት ይፈራል፤ ሰው እንዴት እንደሚሳቅበት ያውቃላና። እባካችሁ ይህን አቁሙ። ጓደኛችሁ «አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ» ሲል ብትሰሙት አጠገቡ ሁናችሁ «እኔም አልሰማሁም» በሉ። ብዙ ጊዜ እውነት ነውና።

ድካምንም አትርሱ። በሁለተኛ ቋንቋ ማዳመጥ ጉልበት ይፈጃል፤ በሌሊት ፈረቃ መጨረሻ ላይ ነባር ተቆጣጣሪም «ሰይ አጌይን» ማብዛቱ የተለመደ ነው። በደከማችሁ ሰዓት በሰማችሁት ችሎታችሁን አትመዝኑ። አይኢኤልቲኤስ (አይልትስ) የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የምትፈተኑም ይህን ያዙ፤ የማዳመጡ ክፍል 40 ጥያቄ አለው፣ ድምፁም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰማው። አንዱ ካመለጣችሁ እዚያው ላይ ቆማችሁ ስትቆጩ የሚቀጥሉት ሁለቱ ያልፏችኋል። ተዉት፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

ለሰኞው ስብሰባ እንቅልፍ ለምታጣው ልጄ የምላት ይህን ነው። እሑድ ማታ ለሰብሳቢው አጭር መልእክት ጻፊለት፤ አጀንዳውን እንዲልክልሽ፣ ቁጥርና ቀን ሲነሣም በጽሑፍ መስኮቱ ላይ እንዲያስቀምጡት ጠይቂው። ይህን መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ለሌሎቹም ይጠቅማል። የላፕቶፑን ድምፅ ማጉያ ተይውና በሽቦ የሚሰካ ማዳመጫ ተጠቀሚ። ከስብሰባው መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር አጣሪ፤ ቀላልም ቢሆን፣ ድምፅሽን አንዴ ካሰማሽ ሁለተኛው ይቀላል። ተሰብስበው ሲስቁ ካልገባሽ አትሳቂ፤ «ሚስድ ዛት ዋን» ብትይ ከሚነግሩሽ አንዱ አይጠፋም። ስብሰባው እንዳለቀ፣ ሳትነሺ፣ የተረዳሽውን በአራት አምስት መስመር ጽፈሽ ላኪላቸው፦ እኔ እንደተረዳሁት እኔ ይህን ሠርቼ በዚህ ቀን አስረክባለሁ፣ እናንተ ደግሞ ይህን ፋይል በዚህ ቀን ትልኩልኛላችሁ፤ የተዛባ ካለ አርሙኝ በይ። ይህ የጽሑፍ ሪድባክ ነው። ያዛባሽው ካለ በዚያው ቀን ይመልሱልሻል፣ ሥራውም ሳይጀመር ይስተካከላል።